መርዶው በፌስቡክ ቀደመን

"ስልክ ቤተሰብ አራራቀ" የማይል ሰው አሁን የለም። ሰርግ ቤት ይባላል፤ ለቅሶ ቤት ይባላል፤ ባጃጅ ውስጥም ይባላል። "ልጆቹ እኮ ቀና ብለው አያዩንም" ይላል አንዱ። "የድሮው ቡና ቀረ" ትላለች ሌላዋ። እኔ በቤቴ ያየሁት ትንሽ ይለያል። ስልክ ወሬያችንን አላቆመውም። እንዲያውም እንደ አሁኑ ብዙ አውርተን አናውቅም። የተበላሸው የወሬው መንገድ ነው። ማን መጀመሪያ ይስማ? በማን አፍ ይስማ? የቱ በአካል ይነገር፣ የቱ ይጻፍ? ድሮ ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልደነገገውም፤ ሁሉም ያውቀው ነበር። አሁን ቁጭ ብለን ካልተነጋገርንበት በራሱ አይመጣም። እኛ የተነጋገርነው ጉድ ከሆንን በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለ ቤታችን ላስተዋውቃችሁ። የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ስለሆነ ተረኛ ሲሆን ሌሊትም ይጠራል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ ስድስተኛ። እናቴ አብራን ትኖራለች። ታላቅ እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ናት። ታናሽ እህቴ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። ታላቅ ወንድማችን ባሕር ዳር ነው። አጎትና አክስቱ ደግሞ ከአዘዞ እስከ ቆላ ድባ ተበትኗል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለ ቴሌግራምና ኢሞ እንዴት ይገናኛል? ስለዚህ "ስልኩን ጣሉት" የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ።

ከከባዱ ልጀምር።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለቅርብ ዘመድ ማታ አይነገርም። በስልክማ ጭራሽ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት ይጠራል። ንጋት ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በር ያንኳኳሉ። ባለመርዶዋ በሩን ከፍታ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ይገባታል። ግን ስትወድቅ የሚይዛት አለ፤ ውሃ የሚያቀብላት አለ፤ አብሯት የሚጮህ አለ። ያ ሁሉ ዝግጅት የተደረገው ለዚያች ደቂቃ ነው።

አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ያረፈው አዘዞ በቤቱ፣ ማታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ታሞ ስለነበር እኔና ባለቤቴ እዚያው ነበርን። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተማከሩ። እማዬ ደም ግፊት አለባት። ሌሊቱን ትተኛ፤ ሲነጋ ሄደን እንነግራታለን ተባለ። የእድሩም ጥሩምባ ሲነጋ ይነፋል ተባለ። ሁላችንም ተስማማን።

ያልተማከረ አንድ ልጅ ነበር። የሰፈር ልጅ ነው፤ ልቡ ክፉ አይደለም። አጎቴን ይወደው ነበር። ፎቶውን ከአንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ቆርጦ፣ ሻማ ጨምሮበት፣ "ነፍስ ይማር የሰፈራችን አባት" ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከእኛ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ናት። የእኛ ማታ አራት ሰዓት ለእህቴ ከቀትር በኋላ ነው። ሥራ ላይ ናት። "ሲነጋ ይነገር" የሚለው ሥርዓት የወጣው ዘመድ ሁሉ እኩል በሚተኛበት፣ እኩል በሚነቃበት ጊዜ ነው። እህቴ በእረፍቷ ስልኳን ስትከፍት የአጎቷ ፎቶ ከነሻማው ዱብ አለባት። ለማን ትደውል? እንደ ልማዷ ለእማዬ ደወለች። በኢሞ፣ በቪዲዮ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ልጄ ናት። እማዬ ስልኩን ትራስጌዋ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። እህቴ በዚያ ሰዓት መደወል ታዘወትራለችና። ልጄ አነሳችና ለአያቷ አቀበለቻት። እህቴ መናገር አልቻለችም። በሥራ ዩኒፎርሟ እጅጌ አፏን አፍና ትንሰቀሰቃለች። ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራረጣል። ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ለቅሶው ይቀጥላል። እማዬ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ምን አደረጉሽ?" ትላለች። የታመመችው እህቴ መስላታለች። እህቴ ደግሞ እማዬ የሰማች መስሏታል።

"እማዬ፣ ደረሳችሁበት? ሳይሰቃይ ነው ያረፈው?" አለቻት።

"ማን?" አለች እማዬ።

ልጄ አያቷን ደግፋ፣ ስልኩ ወለል ላይ ወድቆ፣ እህቴ ከስልኩ ውስጥ እየጮኸች፣ ወንድሟ ከእንቅልፉ ባንኖ፣ በሌሊት ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ቤቱ በለቅሶ ቀልጧል። አንዱ አዛውንት በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና "ታዲያ እኛ ምን ልንነግር መጣን?" አሉ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

አርባው እስኪያልፍ ማንም ስለዚህ ነገር አላነሳም። ካለፈ በኋላ ግን ተሰብስበን ተነጋገርን። ውጭ ያሉትም በስልክ ገቡ። የተስማማንበትን ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

አንደኛ፣ ክፉ ነገር ሲመጣ ወደ ውጭ የሚደውል አንድ ሰው ሰየምን። እኛ ዘንድ ባለቤቴ ነው። ሌላው ሰው ዝም ይላል። የፕሮፋይል ፎቶ ወደ ጥቁር መቀየርም ክልክል ነው፤ ያም መርዶ ነውና። አንዷ የአክስቴ ልጅ "ምንም እኮ አልጻፍኩም" ትላለች፤ ሻማ አድርጋ ስትቀይር ግን ያየ ሁሉ "ማን ሞተ?" ብሎ መደወሉ አይቀርም።

ይህ የተሰየመው ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለባለመርዶዋ አይደለም። አጠገቧ ላለ ሰው ነው። ውጭ ያሉትን አስቀድመን፣ ደህና ጊዜ ላይ፣ "ክፉ ነገር ቢመጣ ለማን እንደውል?" ብለን ጠየቅናቸው። ጥያቄው ያስጨንቃል። እማዬ "ሟርት ነው" ብላ ነበር። እህቴ የባሏንና የአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋን ቁጥር ሰጠችን። አሁን መርዶ ቢመጣ እነሱ ናቸው ቤቷ ድረስ ሄደው የሚነግሯት። ሰዓቱም የሚቆጠረው በእሷ ንጋት ነው።

የቤሩቷ ግን መልስ አልነበራትም። በአሠሪዎቿ ቤት ማን ይነግራታል? ማንስ ይይዛታል? ብዙ አሰበችና "እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ንገሩኝ፤ እስከዚያ አቆዩት" አለች። እሁድ ዕረፍቷ ነው። ቀብር ቢያመልጣትም፣ ሰልስት ቢያልፍም፣ የሚያቅፋት ሰው መካከል ሆና መስማት መረጠች። አከበርንላት። አረብ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን አስቡበት። እዚያ ያሉ ልጆች ለቅሷቸውን ውጠው፣ ሳህን እያጠቡ የሚውሉት እኛ ሰዓት ሳንጠይቅ ስለምናረዳቸው ነው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ ሽማግሌዎች ገና ሲማከሩ አንድ ቃል ለወጣቶቹ እንዲናገሩ አደረግን። "ቤተሰቡ ሳይሰማ ማንም እንዳይለጥፍ።" ይኸው ነው። ወጣቶቹ ሲነገራቸው ይሰማሉ። ያ የሰፈር ልጅም ደውለንለት ወዲያው አጥፍቶታል፤ ግን እህቴ አይታው ነበር። የሌላ ሰው ልጥፍ እናንተ ልታጠፉት አትችሉም። ፈጣኑ አማራጭ ባለቤቱን መለመን ነው። ስለዚህ ቀድሞ መናገር ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሞት ደርሶብናል፤ አክስታችን። የዋሽንግተኗን እህቴን ባሏና ጓደኛዋ ቤቷ ገብተው ነገሯት። አለቀሰች፤ ግን ብቻዋን አይደለም።

አሁን ወደ ፎቶ ልሂድ። ይህም ቤታችንን አውኮት ነበር።

የአጎቴ ልጅ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ድግሱን የደገሱት የእናቱ ወገኖች ናቸው። እኛ እንግዶች ነበርን። የቢራ ሳጥን የተደረደረበት፣ ክትፎው የቀረበበት ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ወጣ። እኔም በአንዱ ውስጥ ሳቄን ለቅቄ አለሁ። ቤሩት ያለችው እህቴ በዚያው ወር ለእማዬ መድኃኒት መግዣ ብላ ከደመወዟ ቆርሳ ልካ ነበር። ፎቶውን አየች። ምንም አላለችም። ድምፅ መላኳን ብቻ አቆመች። "ደህና ነሽ?" ስላት "ደህና" ትላለች። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ አንድ ቀን "በእኔ ላብ ቢራ ትራጫላችሁ" ብላ ጻፈችልኝ።

በሌላ በኩል እሷም ፎቶ ትለጥፋለች። ከኋላዋ ባሕር ነው። ወይም የሰዎቹ ሳሎን ነው፤ ወርቅማ መጋረጃ፣ ትልቅ መስታወት። ያንን ያየ ዘመድ ሁሉ "እሷማ ደልቷታል" ይላል። አንዱ የሱቅ መነሻ ይጠይቃታል፤ ሌላው ባጃጅ ግዢልኝ ይላታል። እኔ ብቻ ነኝ የምትተኛበትን ክፍል ያየሁት። ከወጥ ቤቱ ጎን ነው። አልጋው ከገባ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ያንን ፎቶ ለጥፋው አታውቅም። ማን ይለጥፈዋል?

ሁለታችንም የምንለጥፈው ደስታችንን ነው። ሁለታችንም የሌላውን ደስታ እንደ ሙሉ ኑሮው እናየዋለን። ከዚያ አንዱ ይቀየማል፤ ሌላው ይለምናል። ለዚህ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። ገንዘብ ግሩፕ ላይ አይነሳም። እሷ የላከችውን እኔ እቀበላለሁ። ለምን እንደዋለ በራሴ ድምፅ እነግራታለሁ፤ የመድኃኒቱን ደረሰኝም ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ድግስ ሲኖር ፎቶው ሳይወጣ "እገሌ ደግሷል፣ እኛ ተጠርተናል" ብዬ አስቀድሜ እነግራታለሁ። ቀልድ ይመስላል። ግን ቂሙን ያመጣው ፎቶው ሳይሆን ያልተነገረው ነው። የሚለምኗት ዘመዶች ጉዳይ ግን አሁንም አላለቀም። አንዳንዱን እኔ ነኝ የምመልሰው፤ እየተጠላሁም ቢሆን።

ለፍትሐዊነት አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ምሽት 12 ሰዓት አልፎ ነበር። ዜናውን ከመስማታችን በፊት የእህቴ ድምፅ ነው የደረሰን። "በሕይወት አለሁ፤ መስታወቱ ብቻ ነው የረገፈው፤ ለእማዬ ንገሯት።" በዚያ ምሽት ስልክን ማን ይሳደባል?

ኢንተርኔት ሲጠፋ ቤተሰብ ይሰበሰባል የሚሉም አሉ። እኛ ክልል ይህን በግድ ሞክረነዋል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። እውነት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ቤታችን ደምቆ ነበር። ቡናው ረዘመ። ልጆቹ ካርታ ተጫወቱ። ጎረቤት ለጎረቤት መጠያየቅ በዛ፤ ፍርሃቱም ነበር ያቀራረበን። ግን ብዙ አልቆየም። ልጆቹ ፊልም በፍላሽ ማስጫን ጀመሩ። ኢንተርኔት የለም፤ ስክሪኑ ግን አለ። ያው እንደ በፊቱ እያንዳንዱ በየጥጉ።

እማዬ ደግሞ ተጎዳች። የልጆቿን ፊት ማየት ለምዳ ነበር። በመደበኛ ስልክ ከውጭ ሲደወል ውድ ስለሆነ ወሬው ሁሉ "ደህና ናችሁ? ደህና ነን" ሆነ። እሱንም መስመር ሲገኝ ነው። ልጆቿ ለምን ፊታቸውን እንደማያሳዩዋት ብናስረዳትም በልቧ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላት ነበር። "ታማብኝ ነው የደበቃችሁኝ" ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ቢጠፋ ልጆቹ ቀና ይሉ ነበር የሚለውን አላምንም። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚጠፋው ሩቅ ያለው ሰው ነው። ቅርብ ያለውን ለማግኘት ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ያ ሌላው ሥራ እኛ ቤት ቡና ላይ ነው የተሞከረው።

መጀመሪያ "ቡና ላይ ስልክ የለም" ብለን አወጅን። አልሠራም። ባለቤቴ ተረኛ ነው፤ ስልኩን መዝጋት አይችልም። ልጆቹ "አባዬስ?" ይላሉ። ልክ ናቸው። ከዚያ አሳጠርነው። አቦል እስኪጠጣ ብቻ። ስልኮቹ ሁሉ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ፤ የባለቤቴ ድምፁ ተከፍቶ። ከተደወለለት ያነሳል፤ መነካካት ግን አይፈቀድለትም። ከቶና ጀምሮ የፈለገ ስልኩን ይውሰድ። ልጆቹ የተስማሙት ማለቂያው ስለሚታወቅ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ዝም ነበር። ትንሹ "ታዲያ ምን እናውራ?" አለ። ከባድ ጥያቄ ነው። ትልቅ ቁም ነገር ለማውራት አትጨነቁ፤ ያን ጊዜ ምክር ትጀምራላችሁ፤ ልጅ ደግሞ ምክር ሲሸተው ይሸሻል። እማዬ ናት ያዳነችን። ቅዳሜ ገበያ ስላለው የሽንኩርት ዋጋ ጀመረች። ማን ምን እንዳለ፣ ማን በስንት እንደተከራከረ። ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ምሳውን እንደሚቀማው የነገረን በዚያ መሀል ነው። ማንም አልጠየቀውም። ስለ ሽንኩርት እያወራን፣ እሱ ቆሎ እየቆረጠመ፣ "እኔንም እኮ አንዱ ይቀማኛል" አለ። "ትምህርት እንዴት ነበር?" ብዬ በየቀኑ የጠየቅኩት "ጥሩ" ብቻ ነበር መልሱ።

አንድ የሥራ ላይ ስልጠና ላይ የሰማሁት ነገር አለ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እናቶችን ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር አጫወተ። ከዚያ እናትየዋ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ባዶ አድርጋ፣ ሳትስቅ ሳትመልስ ልጇን እንድታይ አደረገ። ሕፃኑ ይስቃል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ይጮሃል። ምላሽ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ የለም። እኔ ግን ወዲያው የታየኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ሕፃኗን ገንፎ ታጎርሳለች፤ በግራ እጇ ቲክቶክ ትገፋለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ማንኪያው አየር ላይ ይቆማል። እናትየው ቪዲዮው ያሳቃታል። ልጅቷም እናቷን አይታ ትስቃለች፤ ለእሷ የተሳቀ መስሏት። ይህን ስነግራት ተናዳብኝ ነበር። በኋላ ግን ስታጎርስ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች።

ስክሪን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ብቻ መያዝና አብሮ ማየት ይለያያል። ልጄ አንድ ጊዜ የጎንደር እስክስታ የሚወርዱ ልጆች ቪዲዮ ለአያቷ አሳየቻት። እማዬ "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ትከሻ ነው?" አለችና ከመደቡ ተነስታ አሳየቻት። ያን ቀን ሁለቱ የሳቁትን ሳቅ በስልክ ምክንያት ነው ያገኙት።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ልጄ አያቷን ቀርጻ ለጠፈችው። እማዬ ሻሿን ሳታስር፣ በቤት ቀሚሷ ነበረች። ሰው ወደደው። ቁስቋም ማርያም ደጅ ላይ አንዲት ጓደኛዋ "ስትጨፍሪ አየንሽ" አለቻት። እማዬ ቤት ስትገባ አልተናገረችም፤ ምሳም አልበላችም። ማታ ነው የወጣላት። "ጸጉሬን ገልጬ ለአገር አሳየሽኝ" አለቻት። ልጄ አለቀሰች። እሷ ሰው የወደደውን ነው ያየችው፤ አያቷ የታየው ሌላ ነው። ቪዲዮው ወረደ። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፤ የማንም ፊት ያለፈቃዱ አይለጠፍም። ለልጆቹም ጭምር ነው። እኔም የትንሹን ፎቶ ከመለጠፌ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ "አይሆንም" ይለኛል። አሁን እማዬ ራሷ "ቅረጪኝ" ትላለች። ግን መጀመሪያ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ነው። እስክስታው እስኪጀመር ባትሪው ያልቃል።

ስለ ስልኩ አስተካከል የሚጠይቁኝ አሉና ጥቂት ልበል። ቲክቶክ ላይ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላቸው የሚያስቆም ገደብ አለ። ልጄ ላይ ለምን እንደማይሠራ ገርሞኝ ነበር። ለካ ስትመዘገብ የትውልድ ዓመቷን በእኛ አቆጣጠር 2002 ብላ ሞልታለች። መተግበሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥሮ ትልቅ ሰው አድርጓታል። ሆን ብላ አይደለም። የልጆቻችሁን ተመልከቱ፤ ብዙው እንዲህ ነው። ወላጅ የልጁን አካውንት ከራሱ ጋር አገናኝቶ ሰዓት የሚወስንበት መንገድም እዚያው ቅንብሩ ውስጥ አለ።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ግሩፕ አደረግን። አንዱ ለቀልድ፣ ለሰላምታ፣ ለበዓል ነው። ሁሉም ድምፁን ቢዘጋው ቅር የሚለው የለም። ሁለተኛው ለጉዳይ ነው፤ ማን ታመመ፣ ማን ይመጣል፣ ስብሰባ መቼ ነው። የሁለተኛው ድምፅ አይዘጋም። "አይቶ ዝም አለኝ" የሚለው ቅያሜም የቀነሰው በዚህ ነው። ሁለት ምልክት አየሁ፣ አንብቦኛል፣ ንቆኛል የሚለው ክርክር ስንት ዘመድ አኳረፈ! አሁን መልስ የሚፈልግ ሰው ይደውላል። ጸብ ያለበት ነገር ደግሞ በጽሑፍ አይመለስም። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ አንባቢው በራሱ ንዴት ነው የሚያነበው።

ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የድምፅ መልእክት ትልቅ ነገር ነው። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ለእሷ የልጆቿን ስም ከላይ ሰካንላት፤ በየፎቷቸው ታውቃቸዋለች። ማይኩን ተጭና ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣቷን ለቅቃ እንደልቧ ታወራለች። ያን ያስተማረቻት ልጄ ናት። የሁለቱ እርቅም የመጣው ያን ሲማማሩ ነው።

ያላለቀልን የታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ጋሼ ወሬ ይወዳል። ከየቻናሉ ያገኘውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ወደ ግሩፑ ይወረውራል። እገሌ ቦታ ተኩስ አለ፤ እገሌ መንገድ ተዘጋ። ግማሹ የቆየ ወሬ ነው፤ ግማሹ የሌላ አገር ፎቶ ነው። ግን ውጭ ያሉት እህቶቼ ያንን እያነበቡ ያድራሉ። አንድ ሌሊት ሁለቱም ተራ በተራ ደውለው "ቤቱ አለ? እናንተ አላችሁ?" ብለውኛል፤ እኛ ተኝተን ነበር። ሁላችንም ባለንበት ግሩፕ ላይ "ጋሼ፣ ሳታጣራ አትላክብን" አለው አንዱ የአክስቴ ልጅ። ታላቅን ሰው በአደባባይ እንዲህ ማለት ድሮም አይቻልም። ጋሼ ግሩፑን ለቆ ወጣ። መውጣቱንም ቴሌግራም ለሁሉም አሳወቀ።

አሁን እሁድ እሁድ እደውልለታለሁ። ያገኘውን ወሬ ለእኔ ብቻ ይልካል። እኔ እዚያው አካባቢ ላለ ዘመድ ደውዬ አጣራለሁ፤ እውነት ከሆነ ለሌሎቹ እነግራለሁ። ተመለስ ስለው "እናንተ ተማሩበት" ይለኛል። እማዬ ግን ጥምቀትን ትጠብቃለች። "ሲመጣ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ" ትላለች። ግሩፕ እጅ ተይዞ የሚገባበት ቤት ይመስላታል። እኛም አላረምናትም።